«ባክቴሪያው ስሩን ያስረዝመዋል ተብዬ ነበር»፦ ባቄላና ፎሶሊያ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ

ጥያቄው፦ «አራት ኪሎ አካባቢ እናቴ ግቢ ነው የምኖረው። መስከረም መጨረሻ ላይ መሬቱ ላይ ባቄላ ተከልኩ። ፎሶሊያውን ደግሞ በተቆረጡ ጀሪካኖች ውስጥ፣ ጎረቤት ካለ ግንባታ ባመጣሁት ቀይ አፈር ተከልኩት። ውሃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ አንዳንዴም አንድ ቀን። አንድ ዘመዴ ለሽምብራው ገዝቶት የተረፈውን የባክቴሪያ ማዳበሪያ ሰጠኝና ‹ስሩን ያስረዝመዋል፣ ድርቅ ያስችለዋል› አለኝ። ዱቄቱን አፈሩ ላይ በተንኩት። ወር ካለፈው በኋላ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ስለሄደ ትንሽ ዩሪያ ጨመርኩ። አሁን ሁለት ሁለት ተክል ነቅዬ ሳይ ባቄላው ስር ላይ ጥቂት ነጭ እብጠቶች አሉ፣ ፎሶሊያው ላይ ግን ምንም የለም ማለት ይቻላል። ስሩም አጭር ነው። እብጠቱ በሽታ ነው? ባክቴሪያውን ልድገመው ወይስ ዩሪያውን ልጨምር?»

ሁለቱንም አታድርጊ። ያንኑ ባክቴሪያ መድገም ድካም ብቻ ነው። ዩሪያ መጨመር ደግሞ ባቄላው ላይ ያለውንም ጥቂት ነገር ማጥፋት ነው። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ፣ ምክንያቱ ከገባሽ የሚቀጥለውን ዘር ስትዘሪ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግሽም።

መጀመሪያ እብጠቱ። ኖዱል ይባላል፣ በሽታ አይደለም። ራይዞቢየም የሚባሉት ባክቴሪያዎች ስሩ ውስጥ ገብተው የሚኖሩበት ቤት ነው። በሽታ የሆነው እብጠት ሌላ ነው፣ እሱን የሚያመጡት ኔማቶድ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ የአፈር ትሎች ናቸው። መለየቱ ቀላል ነው። ኖዱል ስሩ ጎን ላይ እንደ ትንሽ ዶቃ ተለጥፎ ነው የሚገኘው፣ በአውራ ጣትሽ ገፋ ስታደርጊው ይወልቃል። የትሉ ከሆነ ግን ያበጠው ስሩ ራሱ ነው፣ ላውልቀው ብትይ ስሩ ይበጠሳል።

አሁን አንዱን ኖዱል በጥፍርሽ ሰንጥቂው። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ስራ ላይ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ሌግሂሞግሎቢን ከሚባል ፕሮቲን ነው፣ ደማችንን ከሚያቀላው ሂሞግሎቢን ጋር ዘመድ ነው። ናይትሮጅን የሚይዘው ኢንዛይም ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል፣ ባክቴሪያው ደግሞ ያለ ኦክስጅን መኖር አይችልም፣ ስለዚህ ኦክስጅኑን በልኩ እየመጠነ የሚያቀብል ያስፈልጋል፤ ሌግሂሞግሎቢን ያን ነው የሚሰራው። ውስጡ ነጭ ከሆነ ወይ ገና ልጅ ነው፣ ወይ ቤቱን ይዞ ኪራይ የማይከፍል ተከራይ ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ዘመኑን ጨርሷል። ባቄላው ከተተከለ ከወር በላይ ስለሆነው፣ ያንቺዎቹ ውስጣቸውም ነጭ ከሆነ ገና ልጅ ስለሆኑ ነው ብዬ አላስብም። ስራ ያቆሙ ወይም ጭራሽ ያልጀመሩ ይመስለኛል።

ባክቴሪያው ለምን አልሰራም ካልሽ፣ መጀመሪያውኑ ለሽምብራ የተዘጋጀ ነው። ይህን ሰው ሁሉ ቀለል አድርጎ ያልፈዋል፣ ነገሩ ግን ከባድ ነው። ጥራጥሬ ሁሉ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አይቀበልም። ሽምብራ የራሱ አለው፣ እሱም ሜሶራይዞቢየም ከሚባል ወገን ነው። ባቄላ፣ አተርና ምስር አንዱን ዓይነት ይጋራሉ። አኩሪ አተር ሌላ ወገን ነው። ፎሶሊያ የቦሎቄ ዘር ስለሆነ የቦሎቄውን ይፈልጋል። ስሩና ባክቴሪያው በኬሚካል ቋንቋ ነው የሚጠራሩት፤ ስሩ ወደ አፈሩ አንድ ነገር ይለቃል፣ ያን የሚያውቀው ባክቴሪያ በራሱ ምልክት ይመልሳል፣ ምልክቱ ከገጠመ በሩ ይከፈታል። የሽምብራው ባክቴሪያ ባቄላሽ በር ላይ ቢቆም የሚከፍትለት የለም። ስለዚህ ባቄላው ላይ ያየሻቸው ኖዱሎች ከዘመድሽ ፓኬት የመጡ አይደሉም፣ ከግቢያችሁ አፈር የመጡ ናቸው። ባቄላ በደጋው አገራችን ከጥንት ጀምሮ የሚዘራ ስለሆነ ባክቴሪያው ብዙ ቦታ አፈሩ ውስጥ ይገኛል። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ቀይ አፈር ግን ከመሰረት ቁፋሮ የወጣ ነው። እንዲህ ያለ ከጥልቅ የወጣ አፈር ብስባሽ የለውም፣ በውስጡ የሚኖረው ህይወት ጥቂት ነው፣ ፎስፈረሱም አነስተኛ ነው፣ ብዙ ጊዜም አሲዳማ ነው። ፎሶሊያው ላይ ምንም ያላየሽው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ዱቄቱን በደረቅ አፈር ላይ በትነሽዋል። ይሄ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ፓኬቱ ላይ «ማዳበሪያ» ስለሚል ሰው እንደ ዩሪያ የሚበተን ይመስለዋል። በውስጡ ያለው ህይወት ያለው ነገር ነው። ፀሐይ ይገድለዋል፣ ሙቀት ይገድለዋል፣ ከሁሉ በላይ ድርቀት ይገድለዋል። አፈሩ ላይ ተበትኖ ውሃ እስኪመጣ አራት ቀን ከጠበቀ፣ ከተበተነው የሚተርፈው ጥቂት ነው። እንግዲህ አስቢው፣ ድርቅ ያስችላል የተባለው ባክቴሪያ ራሱ ከተክሉ ቀድሞ በጥማት የሚሞት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ «ስሩን ያስረዝመዋል» ወደሚለው። ዘመድሽ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ነው የነገረሽ።

ራይዞቢየም ዋና ስራው ናይትሮጅን ነው። አየራችን 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ተክል ግን እንዲሁ ሊጠቀምበት አይችልም። ባክቴሪያው ይህን ወደሚጠቅም መልክ ይቀይርለታል፣ ተክሉ በምላሹ ስኳር ያበላዋል። ይህ ነገር በጀርመን አገር በ1880ዎቹ በሄልሪገልና በቪልፋርት ሙከራ ታወቀ፣ በ1888 ደግሞ ሆላንዳዊው ባይሪንክ ባክቴሪያውን ለይቶ አሳደገው፣ ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የኛ ገበሬ ስሙን ባያውቀውም ከባቄላ ወይም ከሽምብራ ቀጥሎ የተዘራ ስንዴና ጤፍ እንደሚያምርበት ያውቃል። ናይትሮጅን በደንብ ያገኘ ተክል ጠንከር ያለ ስር ሊሰድ ይችላል፣ ይህ እውነት ነው። ስሩ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚሄድ የሚወስኑት ግን በዋናነት የዘሩ ዓይነት፣ የአፈሩ ልስላሴና ውሃው ያለበት ቦታ ናቸው። ሽምብራን ተመልከቺ። አደአና በቾ ላይ ክረምቱ ሲወጣ በዋልካ መሬት ይዘራል፣ ከዚያ በኋላ ዝናብ ሳይጠብቅ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያፈራል። ስሩ ከአንድ ሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል። ይህን የሚያደርገው ተፈጥሮው እንዲህ ስለሆነና ውሃው ከታች ስላለ ነው። የዘመድሽ ሽምብራ ድርቅ የቻለው በፓኬቱ ብቻ እንዳይመስልሽ። ያንቺ ፎሶሊያ ግን ጀሪካኑ ስር ላይ ደርሶ ፕላስቲክ ገጥሞታል፣ ወዴት ይርዘም?

ስርን በቀጥታ የሚነኩ ሌሎች ባክቴሪያዎች አሉ። ባሲለስ፣ ሱዶሞናስ፣ አዞስፒሪለም ከሚባሉት ወገኖች ውስጥ ናቸው። ስሩ ውስጥ ቤት አይሰሩም፣ ኖዱልም የላቸውም፣ ስሩ ዙሪያ ነው የሚኖሩት። እነሱን በሚመለከት ያለው ሳይንስ ደስ ይላል። ተክል ሲጠማ ኢቲሊን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፣ ሙዝ የሚያበስለው ጋዝ ማለት ነው። ኢቲሊን ሲበዛ የስር እድገት ይገታል። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ኢቲሊን የሚሰራበትን ጥሬ እቃ ቀድመው የሚያፈርስ ኢንዛይም አላቸው፣ ስለዚህ ኢቲሊኑ ይቀንስና ስሩ ማደጉን ይቀጥላል። ካናዳዊው ተመራማሪ በርናርድ ግሊክና ባልደረቦቹ ይህን በ1990ዎቹ ነው ያብራሩት። ሌሎቹ ደግሞ ኦክሲን የሚባለውን የእድገት ሆርሞን ያመርታሉ፣ ያን ጊዜ የጎን ስሮችና የስር ፀጉሮች ይበዛሉ፣ ይህም ማለት ተክሉ ካለው እርጥበት ላይ በብዙ አፍ ይጠጣል። ልብ በይ፣ ስሩ በዛ ማለት ረዘመ ማለት አይደለም። ኦክሲን ከመጠን ሲያልፍ እንዲያውም ዋናው ስር ያጥራል፣ እንደ መጥረጊያ የተንጨባረረ አጭር ስር ይወጣል። እንደ ሙጫ ያለ ነገር አመንጭተው ስሩ ዙሪያ አፈሩን አያይዘው እርጥበት የሚያቆዩም አሉ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥም በማሰሮ ሙከራም ታይቷል። ማሳ ላይ ግን ውጤቱ አንዱ ቦታ ጥሩ፣ ሌላው ቦታ ምንም ይሆናል። ምክንያቱ ግልፅ ነው። ከውጭ የገባው ባክቴሪያ አፈሩ ውስጥ ከሚኖሩት ጋር መሻማት አለበት፣ ነባሮቹ ደግሞ ቦታውን ለምደውታል። ስለዚህ አንድ ሻጭ «ይህን ጠርሙስ ካፈሰስሽ ውሃ ብታቋርጪም ችግር የለም» ካለሽ ጥለሽው ሂጂ። የባክቴሪያው ስም፣ ለየትኛው ሰብል እንደሆነና የሚያበቃበት ቀን ያልተፃፈበትን ነገር አትግዢ። ባክቴሪያ ውሃ አይፈጥርም። ያለውን ውሃ ተክሉ በደንብ እንዲጠቀምበት ሊረዳ ይችላል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቂበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ስላለ ትንሽ ልቆይበት። ኖዱሎች በብዛት የሚገኙት ከስሩ ላይኛው ክፍል ላይ ነው፣ ከላይ ባለው አንድ ስንዝር አፈር ውስጥ። ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደርቀው ደግሞ ይሄው ስንዝር ነው። ተክሉ ዋና ስሩን ወደ ታች ሰዶ እየጠጣ ሊቆይ ይችላል፣ ቅጠሉም ለጊዜው ደህና ይመስላል፣ ኖዱሎቹ ግን ከላይ በደረቀው አፈር ውስጥ ቀርተዋል። ናይትሮጅን መያዝ ደግሞ ለተክሉ ውድ ስራ ነው፣ ለ1 ግራም ናይትሮጅን 6 ግራም ያህል ካርቦን ያወጣበታል። ሲጠማ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል፣ ስኳር መስራቱ ይቀንሳል፣ ኖዱሉም የሚገባለትን ኦክስጅን ያጠባል። የናይትሮጅኑ ስራ የሚቆመው ቅጠሉ ከመጠውለጉ በፊት ነው። አንቺ ጠውልጎ ስታዪው ኖዱሉ ስራ ካቆመ ቀናት አልፈዋል ማለት ነው። ፎሶሊያ ላይ ይህ ይብሳል። እሱና አኩሪ አተር የያዙትን ናይትሮጅን ዩሪያይድ በሚባል መልክ ነው የሚያጓጉዙት፣ ድርቅ ሲመጣ ይህ ይጠራቀምና ኖዱሉን ራሱን ያስቆመዋል። ፎሶሊያ ድሮም ቢሆን ከጥራጥሬ ሁሉ ናይትሮጅን በመያዝ ደካማ ከሚባሉት ነው። ባቄላ በዚህ በኩል በጣም ጎበዝ ነው፣ ሰብሉ ራሱ ግን ውሃ ወዳድ ነው፣ እንደ ሽምብራ አይታገስም።

አዲስ ኖዱል መፈጠሩም እርጥበት ይፈልጋል። ባክቴሪያው የሚገባው በለጋ የስር ፀጉር በኩል ነው፣ አፈሩ ሲደርቅ የስር ፀጉሮቹ ይሞታሉ፣ መግቢያው ጠፋ ማለት ነው። በሳምንት አንዴ አጥለቅልቀሽ ስድስት ቀን ስታደርቂው ባክቴሪያው በየሳምንቱ ከዜሮ እንዲጀምር እያደረግሽው ነው።

ዩሪያው ደግሞ የመጨረሻውን ምት ነው የመታው። ተክል ብልህ ነው። ናይትሮጅን አፈሩ ውስጥ በቀላሉ ካገኘ፣ ለምን ስኳሩን እየከፈለ ባክቴሪያ ይቀልባል? አዲስ ኖዱል መስራት ያቆማል፣ ያሉትንም ያስርባቸዋል። በደረቅ አፈር ላይ የተጨመረ ዩሪያ ደግሞ ስሩን ሊያቃጥል ይችላል። የቅጠሉ ቢጫነት የናይትሮጅን እጥረት መሆኑ አይቀርም፣ በተለይ ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ቢጫ ከሆኑ። መነሻው ግን ጥማቱ ነው፣ ጥማቱን ሳታክሚ ናይትሮጅን ብትጨምሪ አይጠጣውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከውሃው ጀምሪ። ከሮቶው የምታገኚውን ውሃ በአንድ ቀን አታፍስሺው። በየሁለት ቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ጠዋት በማለዳ ወይም ፀሐይ ስትገባ ስጪው። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ፣ እዚያ ቀዝቀዝ ካለሽና እርጥብ ከሆነ ውሃ አያስፈልገውም። ባዶ ሃይላንድ ካለሽ ታችኛውን ክፍል በመርፌ ሦስት አራት ቦታ ብጂውና አፉን ወደ ላይ አድርገሽ ከተክሉ አጠገብ ቅበሪው፣ ሞልተሽ ክዳኑን ላላ አድርጊለት። ውሃው ቀስ እያለ በስሩ ደረጃ ይወጣል፣ ፀሐይም አይወስደውም። የአትክልትና የሩዝ እጣቢ ውሃ ይሆናል። የልብስ እጣቢ ግን አይሆንም፣ የኦሞው ሶዲየም አፈሩን ያበላሸዋል።

ከዚያ አፈሩን አልብሺው። ለኔ ከፓኬቱ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ያ ኖዱሎቹ የሚኖሩበት አንድ ስንዝር እንዳይደርቅ የሚያደርገው ጉዝጓዝ ነው። ደረቅ ሳር፣ የወደቀ ቅጠል፣ ለበዓል ቤት ውስጥ የጎዘጎዛችሁት ቄጠማ ሲደርቅ፣ ሁሉም ይሆናል። አራት ጣት ያህል ውፍረት ይኑረው፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ፣ እንዳይበሰብስ። የህዳር ፀሐይ ቀን ላይ ኃይለኛ ነው፣ የተራቆተ አፈር በአንድ ከሰዓት ይደርቃል። ጀሪካኖቹን ደግሞ ሌላ ነገር በሚያጠላባቸው ቦታ አስቀምጪ፣ ቅጠሉ ፀሐይ ያግኝ፣ ፕላስቲኩ ግን አይጋል።

የአሁኑ ፎሶሊያ ኖዱል ስለሌለው በናይትሮጅን በኩል ራሱን አይችልም፣ ይህን ዙር በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ወይም ፍግ እየሰጠሽ አድርሺው። ባቄላውን ግን ተዪው፣ እርጥበት ካገኘ ከግቢው አፈር ባሉት ባክቴሪያዎች አዲስ ኖዱል ሊሰራ ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ውሃ ሲጠፋ ከቀበና ወይም ከግንፍሌ ወንዝ ቀድተው አትክልት የሚያጠጡ፣ የወንዝ ዳር ደለልም ለም ነው ብለው የሚያመጡ ሰዎች አሉ። አታድርጊው። ወንዞቹ የቤትና የጋራዥ ቆሻሻ የሚወርድባቸው ናቸው። በዚያ ውሃ ውስጥ ያለው በሽታና ከባድ ብረት አንቺና ቤተሰብሽ ሳህን ላይ ነው የሚደርሰው፣ ከባድ ብረት ራይዞቢየሙንም ይጎዳል።

ለሚቀጥለው ዙር ቁርጥ ያለ ምክሬ ይህ ነው። መሬቱ ላይ ባቄላ፣ በሰኔ፣ ከዝናቡ ጋር ዝሪ። ፎሶሊያውን ለየካቲትና ለመጋቢት፣ ሌሊቱ ሞቅ ለሚልበት ጊዜ አቆዪው፣ የጀሪካኑንም አፈር ግማሹን በኮምፖስትና በግቢ አፈር ቀይሪው። ዩሪያ አይግባበት። ባክቴሪያ መግዛት ከፈለግሽ አንዴ ብቻ፣ ለባቄላው የባቄላ የሚል፣ ለፎሶሊያው የቦሎቄ የሚል፣ ቀኑ ያላለፈበትን ግዢ። አገር ውስጥ ለሁለቱም ይመረታል። አንዱ 125 ግራም ፓኬት ለሩብ ሄክታር የታሰበ ስለሆነ ላንቺ ግቢ እጅግ ይበዛል፣ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉት። እስክትጠቀሚበት ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ዘሩን ጥላ ስር ሆነሽ በትንሽ ስኳር ውሃ አርጥቢው፣ ለአንድ ኪሎ ዘር አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጨምረሽ እያንዳንዱ ፍሬ ጥቁር እስኪለብስ አሺው፣ ሳይቆይ በዚያው ቀን እርጥብ አፈር ውስጥ ቅበሪው። የፀረ ሻጋታ መድኃኒት ከተቀባ ዘር ጋርም ሆነ ከኬሚካል ማዳበሪያ ጋር አታደባልቂው።

ስትዘሪ አንዱን መደብ ያለ ባክቴሪያ ተዪው፣ ምልክትም አድርጊበት፣ መጀመሪያም እሱን ዝሪ፣ እጅሽ ላይ ያለው ዱቄት እንዳይነካው። አበባ ሲጀምር ከሁለቱም መደብ ሦስት ሦስት ተክል በአካፋ ከነአፈሩ አውጪ። በእጅ ከጎተትሽው ኖዱሉ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ምናልባት አሁንም የቀረብሽ አለ። ባልዲ ውሃ ውስጥ ቀስ ብለሽ እጠቢው፣ ቁጠሪ፣ ሰንጥቂ። በሁለቱ መደብ መካከል ልዩነት ካላየሽ የግቢሽ አፈር የራሱ ባክቴሪያ ይበቃዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ፓኬቱን አትግዢ፣ በዚያ ብር ጉዝጓዝና ኮምፖስት አምጪበት።